አንድ ቀን ለዋናው ከተማ

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ተረት በብዙ ነገር ላይ ይነገራል፤ ይልቁንም ሰው ስለሚኖርበት ከተማ ቢነገር እጅግ የተገባ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ በአንድ ቀን ተዘዋውሮ የሚያየውን የከተማ ታሪክ፥ በዚያው ከተማ ተወልዶ ያረጀ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ሳያየው ይቀራል። ምክንያቱም ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ቦታው ሁልጊዜ በአጠገቤ ነውና ነገ አየዋለሁ የሚል ሐሳብ ነው። ነገ የተባለው ቀን ግን ሳይመጣ ሰውዬውም ያልፋል፤ ቦታውም ይለወጣል።

ከየአውራጃው ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ሹም ወይም ካህን መመልከት ይበቃል። ከመኪና እንደ ወረደ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፤ ጉዳዩ እስኪፈጸም በደጅ ሲጠብቅ ይውላል፤ ማታ ወደ ማደሪያው ይመለሳል፤ በማግሥቱ ከመርካቶ ጥቂት ዕቃ ገዝቶ ወደ አገሩ ይሄዳል። አገሩ ገብቶ ምን አየህ ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ መኪናና ረዥም ሕንፃ ከማለት በቀር የሚነግረው የለውም። በከተማው የሚኖረውም ቢሆን ከቤቱ ወደ ሥራው፥ ከሥራው ወደ ቤቱ የሚመላለስበትን መንገድ ብቻ ስለሚያውቅ ከእንግዳው የሚሻልበት ነገር ጥቂት ነው።

ይህ ነገር የአንድ ሰው ጉዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን ከተማው ያለው በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች እጅ ነው። ሹሙ የሚሠራውንና የሚፈርሰውን በፊርማው ይወስናል፤ ካህኑ የአባቶቹን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በእቃ ቤት ቈልፎ ይጠብቃል። ስለዚህ የሁለቱ አለማየት የራሳቸው ጉድለት ሆኖ አይቀርም፤ ለሚመጣው ትውልድ ይተርፋል። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው ሁሉ፥ ያላዩት ቅርስም አያሳሳም፤ የማያሳሳ ነገር ደግሞ ጠባቂ የለውም።

ነቢዩ ዳዊት በ47ኛው መዝሙሩ ሕዝቡ ጽዮንን በእግሩ እንዲዞርና ግንቦቿን እንዲመለከት የሚያዘው ለከንቱ መዝናናት አይደለም። የመዞሩ ፍጻሜ ለተከታዩ ትውልድ መንገር ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ የራስን ከተማ በሥርዓት ዞሮ ማየት የሥራ ፈት ሰው ልማድ ሳይሆን፥ የሚነግር አባት ሊፈጽመው የሚገባ ግዴታ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ነገር ምሳሌ ይሆን ዘንድ፥ ከኢትዮጵያ እጅግ የራቀችውን የደቡብ አሜሪካ ከተማ ቦጎታን መመልከት ይጠቅማል። ቦጎታ የኮሎምቢያ መንግሥት ዋና ከተማ ናት። እንደ አዲስ አበባ በደጋ ላይ የተሠራች ስትሆን፥ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ነው። ሕዝቧም እንደ ኢትዮጵያ ሕዝብ በቡና ስሙ የታወቀ ነው። በ1943 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ በዘመተ ጊዜ፥ ከላቲን አሜሪካ አገሮች ሁሉ ጦር የላከች ኮሎምቢያ ብቻ ነበረች፤ ኋላም የሁለቱ አገሮች ወታደሮች በአንድ የአሜሪካ ክፍለ ጦር ሥር ሆነው ተዋግተዋል። ስለዚህ አገሩ ሩቅ ቢሆንም ለኢትዮጵያ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

ከተማዪቱ የተቈረቈረችበት ቀንም ለኢትዮጵያ ካህናት የሚያስገርም ነው። ጎንሳሎ ሂሜኔስ ደ ኬሳዳ የተባለው የእስፓንያ የጦር አለቃ ከተማዪቱን የመሠረታት በደብረ ታቦር በዓል ቀን ሲሆን፥ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 13 ቀን 1530 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከግራኝ አሕመድ ጋር በሚደረገው ጦርነት ከአምባ ወደ አምባ ይንከራተቱ ነበር። እዚህ አብያተ ክርስቲያናት በሚቃጠሉበት ወራት እዚያ የአገሬው ሕዝብ ወርቁን፥ ምድሩንና ነጻነቱን በእስፓንያውያን እጅ ያጣ ነበር።

ለቦጎታ አንድ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ ቀኑን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በጸሎት ተራራ ነው። ከከተማው በስተ ምሥራቅ ሞንሴራቴ የሚባል 3,152 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ። በጫፉ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን መስቀሉን ተሸክሞ የወደቀውን የጌታን መከራ የሚያሳይ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምስል ይገኛል። ምእመናን በእሑድና በሕማማት ሳምንት በእግራቸው ወጥተው ይሳለሙታል፤ በእግር መውጣት የማይችለው ደግሞ ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ በሐዲድ ላይ በገመድ በሚሳብ ሠረገላ ይወጣል። ከዚያ ላይ ሆኖ ከተማዪቱን በሙሉ ከእግሩ በታች ተዘርግታ ያያታል። አስቀድሞ ሁሉን በአንድነት ያየ ሰው ኋላ እያንዳንዱን ነገር ሲያይ አይደናገርም።

ከተራራው ወርዶ ወደ ቦሊቫር አደባባይ ይሄዳል። ሲሞን ቦሊቫር ኮሎምቢያንና ጎረቤቶቿን ከእስፓንያ አገዛዝ ነጻ ያወጣ የጦር መሪ ነው፤ ሐውልቱም በዚያ አደባባይ የቆመው በ1838 ዓ.ም. ነው። በአደባባዩ ዙሪያ በአንድ ወገን ካቴድራሉ፥ በአንድ ወገን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፥ በአንድ ወገን የፍርድ ቤቱ፥ በአንድ ወገን የከተማው ማዘጋጃ ቤት ይታያሉ። ሰው በመካከል ቆሞ ፊቱን ወደ አራቱ ማዕዘን ቢመልስ፥ ጸሎት፥ ሕግ፥ ፍርድና አስተዳደር እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ያገኛቸዋል። ከእነዚህም የፍርድ ቤቱ ሕንፃ በ1978 ዓ.ም. በሽምቅ ተዋጊዎች ተይዞ በውጊያው ተቃጥሎ ነበርና እንደገና የተሠራ ነው።

ከዚያም ጥቂት በእግሩ ሄዶ ሆርሄ ኤሊዬሰር ጋይታን የተባለው ሕዝብ የወደደው የፖለቲካ ሰው ሚያዝያ 1 ቀን 1940 ዓ.ም. በጥይት የተገደለበትን ቦታ ያያል። በዚያ ቀን ከቍጣ የተነሣ የከተማው መካከል ብዙው ተቃጠለ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ከተማው ይህን አሳፋሪና አሳዛኝ ቀን አልሸሸገውም፤ በግድግዳው ላይ ጽሕፈት አኑሮ ለአላፊ አግዳሚው ያስነብበዋል። ከተማ ክብሩን ብቻ ሳይሆን ቍስሉንም ሲያሳይ እንግዳው ያምነዋል።

የቀኑ ፍጻሜ የወርቅ ቤተ መዘክር ነው። ይህን ቤት በ1932 ዓ.ም. ያቋቋመው የአገሩ ብሔራዊ ባንክ ነው። እስፓንያውያን የአገሬውን ጌጥ እያቀለጡ ጥፍጥፍ ወርቅ አድርገውት ነበርና፥ ከመቅለጥ የተረፈውንና ከምድር የሚወጣውን ባንኩ እየገዛ ሰበሰበ። ዛሬ ከ30 ሺህ የሚበልጥ የወርቅ ሥራ በዚያ ይገኛል። ከሁሉ የታወቀው በ1961 ዓ.ም. ገበሬዎች በዋሻ ውስጥ ያገኙት አንድ ትንሽ የወርቅ ታንኳ ነው፤ በላዩም የጥንቱ ባላባት ከነጭፍሮቹ ቆሞ በባሕር ላይ መባ ሲያቀርብ ይታያል። ይህ ዕቃ ተሽጦ ከመጥፋት የዳነው የሰበካው ቄስ ነገሩን ሰምቶ ለቤተ መዘክሩ እንዲደርስ ስላደረገ ነው። አንድ የገጠር ቄስ የዕቃውን ዋጋ ባያውቅ ኖሮ፥ ዛሬ የኮሎምቢያ ሕዝብ የሚመካበት ቅርስ ቀልጦ የማንም ቀለበት ሆኖ በቀረ ነበር።

የቦጎታ ጎረቤት የሆነችው የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶም እንዲሁ አሮጌ ሰፈሯን በመጠበቋ ትመሰገናለች። በ1970 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘግብ የመረጣቸው ቦታዎች 12 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል የኪቶ አሮጌ ከተማ አንዱ ሲሆን፥ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ተራሮችም በዚያው መዝገብ አብረው ተጽፈዋል። እንግዲህ ኢትዮጵያ በቅርስ ከማንም ኋላ አልተመዘገበችም። የጐደለው ቅርሱ ሳይሆን የራስን ቅርስ በሥርዓት የማየት ልማድ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ወደ አዲስ አበባ መልሶ፥ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ቀኑን እንዴት ቢያውለው ይጠቀማል ብሎ መመርመር ይገባል። በመጀመሪያ ሁሉን አያለሁ ብሎ መቸኰል እንደማይገባ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሁሉን ለማየት የሚሮጥ ምንም ሳያይ ይመሻልና። እንጦጦና ፍል ውሃ ለሌላ ቀን ይቆዩ። አንዱ ቀን ከምዕራብ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ይሁን፤ መነሻውም ቀራንዮ ይሁን።

ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ተብሎ በሚጠራው ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። የደብሩ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን እንደ ተተከለ ይነገራል። አዲስ አበባ የተቈረቈረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ቤት ካሠሩ በኋላ በ1879 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ይህ ደብር ከከተማው በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። ልጅ ስለ አባቱ ዕድሜ እንደሚጠይቅ፥ ከተማውን ማወቅ የሚፈልግም ከከተማው በፊት ከነበረው ቢጀምር መልካም ነው።

ስሙም ራሱ ትምህርት ነው። ቀራንዮ የሚለው ቃል ከጽርዕ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የራስ ቅል ማለት ነው፤ ጌታ የተሰቀለበት የጎልጎታ ስም መሆኑን ካህናት ሁሉ ያውቁታል። አባቶች ኢየሩሳሌም ደርሶ መሳለም ለማይችለው ሕዝብ የቅድስቲቱን ምድር ስም በአገሩ ተራራና ወንዝ ላይ አኖሩለት። በላሊበላ ዮርዳኖስና ጎልጎታ እንዳሉ፥ በአዲስ አበባም ቀራንዮ አለ። መጋቢት 27 ቀን የስቅለቱ መታሰቢያ በሚከበርበት ጊዜ፥ ጥቅምት 27 ቀንም በዓሉ በሚደገምበት ጊዜ፥ ወር በገባ በ27 ቀንም ሕዝቡ ወደዚህ ደብር ይጐርፋል። ከጧቱ በ12 ሰዓት በዚህ ደብር አጸድ የቆመ ሰው፥ የቦጎታ ሰው በሞንሴራቴ ተራራ ላይ ከሚያገኘው መንፈሳዊ ነገር ያነሰ አያገኝም። ሁለቱም ሕዝቦች የከተማቸውን ደጅ የመስቀሉ መታሰቢያ አድርገውታልና።

በዚሁ ክፍለ ከተማ ኮልፌ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው ሌላ ታሪክ አለ። ኔልሰን ማንዴላ የደቡብ አፍሪካን ጥቍር ሕዝብ ነጻ ለማውጣት ትግል በጀመሩበት ዘመን፥ በ1954 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የጦር ትምህርት የተማሩት በኮልፌ በነበረው በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነበር። ተኩስን፥ ፈንጂንና ረዥም የእግር ጉዞን በኢትዮጵያውያን መኰንኖች እጅ ተማሩ። ስድስት ወር ሊቆዩ ታስቦ ሳለ ወደ አገራቸው ስለ ተጠሩ ትምህርቱ በአጭር ቀረ፤ የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ታደሰ ብሩም ሽጕጥና ጥይት ሰጥተው አሰናበቷቸው። ማንዴላ አገራቸው እንደ ገቡ በዚያው ዓመት ሐምሌ 29 ቀን ተያዙ፤ ከዚያም 27 ዓመት በእስር ኖረው በ1982 ዓ.ም. ተፈቱ፤ በ1986 ዓ.ም. የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ራሳቸውም በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ኮልፌን በስም ጠርተውታል። የዓለም ሕዝብ በመጽሐፍ የሚያነበውን ስም የኮልፌ ልጅ በሰፈሩ ሲሰማው ይህን ታሪክ አብሮ ሊሰማ ይገባዋል።

ደግሞም በዚያው ክፍለ ከተማ የልዕልት ዘነበ ወርቅ ሆስፒታል ይገኛል። ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከወገኑ ተለይቶ ይጣል በነበረበት ዘመን እዚህ ሕክምናና መጠጊያ አገኘ። በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና የባለሙያዎች ማሠልጠኛ ማዕከል በዚያው ቦታ ተቋቋመ። ከተማን ማየት ማለት ሐውልትንና ቤተ መንግሥትን ብቻ መመልከት አይደለም፤ ከተማው ለድኵማኑ ያደረገውን ማወቅም ነው።

ከኮልፌ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ መርካቶ ይገኛል። ቀድሞ የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ በዐራዳ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ጠላት አገሩን በያዘበት ዘመን ኢጣሊያኖች የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ መርካቶ የሚለው ስምም ከቋንቋቸው ቀረ። ሰውን በዘሩ ለመለየት የተደረገው ሥራ ግን ሌላ ፍሬ አፈራ። ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ በአንድ ገበያ ተጐራብቶ መኖርን ተማረበት፤ የታላቁ አንዋር መስጊድ አዛንና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደወል በአንድ ሰማይ ሥር ተሰሙበት።

ከመርካቶ ወጥቶ ዐራዳ የገባ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነው። ብፁዕነታቸው ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ በማስተማራቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሰማዕት ሆኑ። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ሐዲድ ሥራ ሲባል ከቦታው ተነሣ፤ ሥራው ከተፈጸመ በኋላም በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ተተከለ። የዳግማዊ ምኒልክም ሐውልት እንዲሁ ጠላት ከጊዮርጊስ ፊት ነቅሎት ነበርና ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆሟል። ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም፤ የአንዱ መነሣት በጠላት ክፋት፥ የሌላው መነሣት በልማት ምክንያት ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚያስተምሩት አንድ ነው። የተነሣ ነገር የሚመለሰው ስለ እርሱ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. በዚሁ ነግሠዋል። በጠላት ዘመን ቢቃጠልም ታድሶ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ በአጸዱም ንዋየ ቅድሳትና የነገሥታት ልብስ የሚታይበት ቤተ መዘክር አለው። ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ይገኛል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን ነገር አንዱ በጸሎት፥ ሌላው በትምህርት ያስታውሱታል፤ ሁለቱንም በአንድ ጧት ማየት ይቻላል።

ዐራዳ ግን ዛሬ ቀድሞ እንደ ነበረው አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛው መሄጃ ተስተካክሏል፤ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ አሮጌ ሰፈሮችም ፈርሰዋል። ከተማ ሕያው ነገር ስለ ሆነ ሳይለወጥ ይኑር ማለት አይቻልም፤ የደሳሳ ቤት ችግርም ችግሩን በሚኖርበት ሰው እንጂ በተመልካች አይለካም። ነገር ግን ሰፈር ሲፈርስ የሚሄደው ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ ስሙ፥ ዕድሩ፥ ማን በዚያ እንደ ኖረና ምን እንደ ተሠራበት የሚናገረው ሽማግሌም አብሮ ይበተናል። ስለዚህ የሚወስነው ሰው ከመወሰኑ በፊት በእግሩ ሄዶ ቢያይ፥ የሚቀረውን ከሚሄደው መለየት ይቀለዋል፤ የሚሄደውንም በመዝገብ ጽፎና በሥዕል አንሥቶ ለማኖር ጊዜ ያገኛል። በወረቀት ላይ የሚታየው ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በዐይን ሲያዩት ግን አንዱ ቤት ብቻ ሆኖ ሌላው ታሪክ ይሆናል።

ከምሳ በኋላ መንገዱ ወደ አራት ኪሎ ይመራል። በዚያ ያለው የድል ሐውልት ሚያዝያ 27 ቀንን ያስታውሳል፤ ጠላት አዲስ አበባ የገባበትም፥ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በድል የተመለሱበትም ይኸው ቀን ነው። ከአደባባዩ ሳይርቁ በታዕካ ነገሥት በዓታ ገዳም ዳግማዊ ምኒልክ፥ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ዐርፈዋል። በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእቴጌ መነን ጋር ዐርፈዋል፤ ዐፅማቸው በክብር እዚያ የገባው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው በእነዚህ መቃብሮች አጠገብ ጥቂት ጊዜ ቢቆም ከብዙ መጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል።

ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወጣው መንገድ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በአፋር ምድር በሐዳር ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያላት ድንቅነሽ በዚህ ትጠበቃለች። ከእርሷም ጋር የአክሱም ዘመን ሥራዎችና የነገሥታት ዕቃዎች ስላሉ፥ የቦጎታው የወርቅ ቤት ለኮሎምቢያ ሰው የሆነውን ይህ ቤት ለኢትዮጵያዊ ሊሆንለት ይችላል።

ቀኑ የሚፈጸመው በስድስት ኪሎ ነው። በአደባባዩ መካከል ያለው ሐውልት የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። በ1929 ዓ.ም. በዚያ ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ፋሽስቶችም በብቀላ ሦስት ቀን ሙሉ የከተማውን ሕዝብ ፈጁ፤ በግንቦት ወርም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ደም ፈሰሰ። ያ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በውስጡም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ይገኛል። በሕንፃው ፊት ለፊት ኢጣሊያኖች የፋሽስት መንግሥታቸውን ዓመታት እየቈጠሩ ያሠሩት ወደ ምንም የማያደርስ ደረጃ አለ። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን ደረጃውን አላፈረሱትም፤ በጫፉ ላይ የአንበሳ ምስል አቆሙበት። የጠላትን ትዕቢት ሳያፈርሱ መማሪያ ማድረግ እንዴት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ምስክር በከተማው አይገኝም።

እንዲህ ያለውን ቀን ማዋል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፈቃድና ሥርዓት ነው። ለዚህም ሹማምንቱ ሊያደርጉት የሚቻላቸው ነገር አለ። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ እንደሚያስነብቡት ሁሉ፥ አንድ ቀን ከተማውን እንዲያይ ቢያደርጉት፥ በሚያስተዳድረው ሕዝብ መካከል ባዕድ ሆኖ አይቀመጥም። ታሪክ ባለበት ቦታ ሁሉ ስሙንና ዓመቱን የሚናገር አጭር ጽሕፈት ቢቆም፥ አላፊው ሳይጠይቅ ይማራል። አሮጌው ሰፈር ቢፈርስ እንኳ ስሙ በመንገዱ ወይም በአደባባዩ ላይ ቢቀር፥ ታሪኩ ከነሥሩ አይነቀልም።

የካህናቱም ድርሻ ከዚህ አያንስም። በየደብሩ እቃ ቤት ያለው መጽሐፍ፥ መስቀልና ሥዕል በመዝገብ ተጽፎ፥ በሥዕል ተነሥቶ ቢቀመጥ ሌባ ይፈራዋል፤ ቢጠፋም ለመፈለግ ይመቻል። ለሕዝብ ሊታይ የሚገባውን ከማይገባው ለይቶ፥ የሚገባውን በተወሰነ ቀን ማሳየት ክብሩን አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ። ደግሞም በየደብሩ የቦታውን ታሪክ በሚገባ የሚናገር አንድ ካህን ቢሾም፥ እንግዳው ከማያውቅ ሰው ተረት አይሰማም። የኮሎምቢያው የገጠር ቄስ አንዲት የወርቅ ታንኳ ያዳነው በኃይል አይደለም፤ ያየውን ነገር ዋጋ በማወቁና ለሚገባው ሰው በመናገሩ ነው። የቀራንዮም፥ የጊዮርጊስም፥ የበዓታም ካህን እንደዚሁ ሊያደርግ ይችላል።

የዋናው ከተማ ታሪክ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ አይደለም። ከሐረርም፥ ከጐንደርም፥ ከወለጋም፥ ከትግራይም፥ ከጋሞም የመጣ አባት በዐድዋ ወድቋል፤ በየካቲት 12 ሞቷል፤ በመርካቶ ነግዷል። ስለዚህ ከየአገሩ ለጉዳይ የሚመጣው ሰው ለከተማው አንድ ቀን ቢሰጥ የሰው ታሪክ ሳይሆን የራሱን ታሪክ አይቶ ይመለሳል። ልጆቹ ምን አየህ ብለው ሲጠይቁትም መኪናና ሕንፃ ብሎ ዝም አይልም። ከተማውን የሚጠብቀው ዘበኛና አጥር ብቻ አይደለም፤ አይቶ የሚናገር ሰው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጠባቂ ነው።